እየጠፋ የሚነሳው ሞተር

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው፤ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል ወይስ ለቀቀሽ? የልጅሽ የፊት ጥርስ በቀለ? ባልሽስ ያ ከመጋዝ ብናኝ ያመጣው ሳል ተሻለው? ሁላችሁንም በደህና ያቆይልኝ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሰውነታችንን ማለቴ ነው እንጂ፣ ሐሙስ እንደርሳለን ብለን ይኸው ዓርብም ሊመሽ ነው፤ ገና መንገድ ላይ ነን።

በሩን ስታዪ መዋልሽ ይታየኛል። ደግሞ ቀሩ ብለሽ፣ ለአባባ ያነጠፍሽውን አልጋ ማንሳትሽም ይታየኛል። እባክሽ አታንሺው። አምና እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሄደው፣ ሞልቷል ብለው ሲመለሱ ምን እንደተሰማሽ አውቃለሁ። ዘንድሮም ካልመጡ ሁለተኛ አልለምንም ያልሽኝንም አልረሳሁም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። እዚህ ስልክ አይሠራም፤ ቢሠራም አባባ አጠገቤ ሆነው የሚወራ አይደለም። ደብዳቤውን ጠዋት ወደ እናንተ በሚወጣው አውቶቡስ ሹፌር እጅ እልከዋለሁ፤ እሱ ይቀድመናል።

የያዘን መኪናዋ ናት። ያቺው አሮጌዋ ፒካፕ። አባባ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ወዲህ የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው በአፋቸው ይነዳሉ። እኔ ፍሬን ከመርገጤ በፊት እሳቸው እግራቸውን ወለሉ ላይ ይተክላሉ። ቀስ በይ፣ ማርሽ ቀንሺ፣ ምን ያስቸኩልሻል፣ አጥር ዘለሽ የምታመልጪ መሰለሽ እንዴ ይሉኛል። እሺ አባባ እላለሁ። ታውቂኛለሽ፣ ከእሺ ሌላ ብዙ አላወራም።

በመጀመሪያው ቀን ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ዳገት ልንጨርስ ስንል፣ ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ድርግም አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ ያስፈራ ነበር። ግራ ቀኙ ጠጠርና ቁጥቋጦ ነው፤ ሰው የለ፣ ቤት የለ። ቁልፉን ባዞር ባዞር እምቢ አለ። ጥቂት ቆይቼ ሳዞረው ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ብድግ አለ። ተመስገን ብለን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ሜዳው መሀል ደግሞ ጠፋ።

ወደ አባባ ዞርኩ። በጭነት መኪናው ዘመናቸው ሹፌሮቹ ጆሮ ብለው የሰየሟቸው በከንቱ አይደለም። ልጆች ሳለን ከአልጋቸው ሳይነሱ፣ ከአጥር ውጭ የሚያልፈው መኪና ምን እንደጎደለው ይናገሩ አልነበረም? እናም ምን ይመስልዎታል አባባ አልኳቸው። እኔ ምን አውቄ አሉኝ። እንዲህ ሲሉ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ መስኮቱን እያዩ፣ አርጅታለች፣ እንደ እኔው ናት፤ ባትችል ነው፤ ብንመለስ ይሻላል አሉ።

አልተመለስኩም። አንዲት ትንሽ መንደር ጫፍ ላይ ጋራዥ አገኘን። መካኒኩ ሆዱ ከቱታው የሚቀድም ተጫዋች ሰው ነው። ካንዴላዎቹን አውጥቶ ጠረገ፣ የቤንዚን ማጣሪያውን ቀየረ፣ ካርቡራተሩን አጸዳ፣ ነድቶ ዞሮ መጣ። አልጠፋችበትም። እናቴ፣ መኪናዋ ከእኔም ከአንቺም ይልቅ ጤነኛ ናት፤ ምናልባት መሄጃችሁን አልወደደችው ይሆናል ብሎ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። ወዲያው አወቃቸውና፣ ጆሮ ማለት እርስዎ ነዎት እንዴ ጋሼ ብሎ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጣቸው። እስቲ እርስዎ ይስሙልኝ አላቸው። ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ደከመ ልጄ አሉት።

እዚያው ጎን ካለው ቤት ሻይ ልንጠጣ ገባን። አባባ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ፣ የዚህ ሰውዬ የኋላ ኩሽኔታ አልቋል፤ ጎማው መዞር ሲያቅተው ያኔ ይገባዋል አሉ። ብርጭቆዬን አስቀምጬ አየኋቸው። እሳቸው ዳቦአቸውን ሻይ ውስጥ ነከሩ።

መኪናዋ ከጋራዡ ወጥታ ብዙ እንደሄደች ጠፋች። ከዚያ ወዲህ እኔ ሁለመናዬ ጆሮ ሆኗል። ድንጋይ ቢነጥር ልቤ ይነጥራል። አንገቴ ደርቋል። አንዴ አንቺን በሐሳቤ አያለሁ፣ አንዴ የቤንዚኑን ጠቋሚ አያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በአባባም ተናድጄ ነበር። ያን ቀን በር ላይ ቆመው፣ አናጢውን ካገባሽ እንግዲህ ያለኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው ሲሉሽ፣ ያቺ አንድ ልጅ እኔ ነበርኩ። አንቺ በር ተዘጋብሽ፤ እኔ ከውስጥ ተዘጋብኝ። ስምሽን ሳልጠራ ማዕድ ማቅረብ፣ ስልክሽን ጓዳ ገብቼ በሹክሹክታ ማንሳት እንዴት እንደሚያደክም አንድ ቀን ቁጭ ብለን እናወራዋለን።

ማንበብ የለመድኩት ከሱቅ ሳሙናና ስኳር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ወረቀት መሆኑን ታስታውሺያለሽ። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔ ያን ብጫቂ ሳቃና ትስቂብኝ ነበር። ከእነዚያ አንዱ የመኪና መጽሐፍ ገጽ ነበር። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ በሄደ ቁጥር በቦታው አየር ወደ ታንኩ ካልገባ ይልና፣ እዚያ ላይ ተቀዷል። ካልገባስ ምን ይሆናል እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ መሰለሽ። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት እየነዳሁ ያ ወረቀት ትዝ አለኝ። ሙቀት ቢሆን በብርዱ ባልጠፋች፣ ዳገት ቢሆን ሜዳ ላይ ባልጠፋች ብዬ አሰብኩ። ቤንዚን ቀድተን እንደተነሳን ግን አንድም ጊዜ ጠፍታ አታውቅም። ሁልጊዜ ብዙ ከሄደች በኋላ ነው፤ አረፍ ስትል ትነሳለች። ትንፋሽ እንደሚያጥራት ሁሉ።

ታንኩን ደግሞ እኔ ከፍቼው አላውቅም። ማደያ በደረስን ቁጥር የሚወርዱት አባባ ናቸው። ይህቺን እንኳ ልሥራ እንጂ፣ እንደ ሻንጣ ተጭኜ ልድረስ እንዴ ይላሉ።

ደግማ ስትጠፋ ኮፈኑን አልከፈትኩም። ወደ ኋላ ዞርኩ። የታንኩ ክዳን ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ተጠፍንጎ ታስሯል፤ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ የት እንዳለ አይታይም። ላስቲኩን ፈትቼ ክዳኑን ሳላላው፣ ታንኩ ትንፋሹን ውጦ እንደቆየ ሰው አየሩን ስብ አደረገው። ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

ቋጠሮውን አውቀዋለሁ። አንቺም ታውቂዋለሽ። ጭነት ሲያስሩ አጠገባቸው አቁመው ያስተማሩን ያ ነው፤ ሲጎትቱት እየባሰ የሚጠብቅ፣ አጭሯን ጫፍ ለሚያውቅ ግን በአንድ ጣት የሚፈታ። እኔ በጥርሴ ስታገለው አንቺ ሳብ አድርገሽ ፈትተሽ ትሮጫለሽ፤ አባባም፣ ይህቺን ልጅ የሚያስራት የለም ብለው ይስቁ ነበር።

እንግዲህ አቧራ እንዳይገባ ብለው አስረውት ይሆናል። መንገዱ እውነትም አቧራ ነው። ምን ሆና ነው ሲሉኝ፣ አንዲት ሽቦ ላልታ ነበር አልኳቸው። ጎበዝ አሉኝ። ላስቲኩን ኪሴ ከትቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ እንደ ጉድ በረረች። እሷ ሰላም ስታገኝ ግን አባባ ዕረፍት አጡ። መስኮቱን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ስንት ቀረን ይላሉ። ልጅቷ ማንን ትመስላለች ይላሉ፤ እነግራቸዋለሁ፤ ትንሽ ቆይተው ደግመው ይጠይቁኛል። ሰውዬው ቤቱን በገዛ እጁ ነው እንዴ የሠራው ብለው ስለ ባልሽ ጠየቁኝ። አዎ ብላቸው፣ በሩ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው አሉ። ይህን ከየት ልወቀው?

የመጨረሻው ማደያ ላይ ወርደው ቤንዚን አስቀዱ። ይህ ማደሪያ ጣሪያው ሲታየን ሞተሩ ሳለና ጠፋ። ወደ ኋላ ሄድኩ። ሌላ ላስቲክ፣ ያው ቋጠሮ። አቧራው የጠና መሰላቸው መሰለኝ። ይህኛውን ፈታሁት እንጂ አልወሰድኩትም። እጃቸው እንዲያገኘው እዚያው ክዳኑ ላይ አንጠልጥዬ ተውኩትና፣ ነድቼ ገባሁ። እሳቸውም እንደ ቀድሞው ምን ሆና ነው ብለው አልጠየቁኝም። አሁን እሳቸው ሾርባቸውን ትተው በግቢው ይንጎራደዳሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ጠዋት ምን እንደማገኝ አላውቅም። ሰው ተገፍቶ ደጅሽ ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ ደጅሽን መርገጥ ግን የራሱ ነው። እኔ የምችለው መንዳት ብቻ ነው።

ነጋ፤ ጥቂት ልጨምርልሽ። አውቶቡሱ ሞተር እያሞቀ ነው።

አባባ ከእኔ ቀድመው ተነስተዋል። መታጠቢያውና የእኔ ክፍል በስስ ጣውላ ነው የሚለያዩት። ውሃው እየፈሰሰ፣ እንደምን ነሽ ልጄ ሲሉ ሰማሁ። እኔን መስሎኝ አቤት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ቆጣ ባለ ድምፅ፣ እንደምን ነሽ አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ አይ፣ እንዲህም አይሆንም አሉ። ከዚያ በቀስታ ልጄ፣ ልጄ ብቻ። ውሃውን መዝጋቱን ረስተውት ብዙ ፈሰሰ።

ስወጣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ የኮታቸው ቁልፍ አንድ ቀዳዳ ስቶ ተቆልፏል፤ አልነገርኳቸውም። ወደ ኋላ ዞሬ ታንኩን አየሁ። ክዳኑ ባዶውን ነው፤ ያ አንጠልጥዬው የነበረው ላስቲክ የለም።

ጉልበታቸው ላይ የጫማ ካርቶን ይዘዋል። ለልጅሽ ነው። የእግሯን ቁጥር ስለማያውቁ ሁለት ጥንድ ገዝተዋል፣ አንድ ተለቅ ያለ፣ አንድ አነስ ያለ። ከቤት ስንነሳ ካርቶኑ በሲባጎ ነበር የታሰረው። አሁን የታሰረበት ጥቁር ላስቲክ ነው። ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ እስኪመሽ ልንጠብቅ ነው እንዴ አሉኝ። ይኸው ደግሞ ከመቀመጫቸው ተንጠራርተው ክላክስ እየነፉብኝ ነው። ሰውን በክላክስ መጥራት ነውር ነው የሚሉት ሰውዬ!

እህቴ፣ የመኪናዋን ድምፅ ስትሰሚ በር ላይ ቆመሽ አትጠብቂያቸው። መንገዱ ድረስ ውጪ። ከመውረዳቸው በፊት ራዲያተሩ ውሃ ይፈልጋል፣ ጎማው ይታይልኝ ይሉሽ ይሆናል። እሺ እያልሽ የጋቢናውን በር ክፈቺላቸው። እንደምን ነሽ ካሉሽም ድምፃቸው ቢቆጣ አትስሚው፤ ብዙ ተለማምደውበታል።

ቤትሽን ሳቅ አይለየው። ልጅሽ ታድግልሽ፣ ባልሽ እጁ ይባረክ፣ ወገብሽ ይጽናልሽ። ለእኔ ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ሳልነዳ የምተኛበት ጥግ አዘጋጂልኝ።

ካርቶኑን ሲሰጡሽ መቀስ ፍለጋ እንዳትገቢ። አጭሯን ጫፍ ታውቂያታለሽ።

ታላቅ እህትሽ