ያቀጠንኩት ፈሳሽ

ቅዳሜ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ከመርፌው በኋላ ጉልበቷን ተሽሏት ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀምራለች። "አሁን ያረጀኸው አንተ ነህ" እያለች ስትስቅብኝ ከርማ፣ መሳቋን ያቆመችው ባለፈው ረቡዕ ነው። የዚያን ዕለት የነገርኳትን ነው አሁን ለአንቺ የምጽፈው። "ለኔ ብትነግረኝ ምን ይጠቅማል? የበደልካት እሷን!" አለችኝና ወረቀቱን ራሷ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

ልጄ፣ ምርምርሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ያ የላብራቶሪያችን ረጅም የመስታወት ቱቦ መቼም አይጠፋሽም። እኔ የሙጫ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ገንዳውን እሞላልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ የብረት ብይ በቀጭን ሽቦ ቱቦው ውስጥ አንጠልጥለሽ፣ ፈሳሹን በፓምፕ እየነዳሽ፣ ብዩን በምን ያህል ኃይል እንደሚጎትተው ትለኪ ነበር። "አባዬ፣ ይሄ እኮ እንደ ውሃ አይደለም። ቀስ ብለው ሲነዱት ይወፍራል፣ ሲያፈጥኑት ይሳሳል፤ ጠባዩን ማን ይችለዋል!" ትዪኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ስበጠብጠው ኖሬ እንደዚያ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ሥራውን በጀመርሽ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ የገንዳውን ማጣሪያ ስቀይር የታችኛውን ቧንቧ በደንብ ሳልዘጋ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ሲሶው ፈሶ ወለሉ ያዳልጣል። ዱቄቱ ከመጋዘን አልቋል፤ የታዘዘው ገና አልደረሰም። መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ወለሉን አጥቤ፣ ገንዳውን እስከ ምልክቱ ድረስ በውሃ ሞላሁትና አማሰልኩት። ለዓይን ያው ነው። ውፍረቱን ለክቼ መመዝገብ ሲገባኝም የድሮውን ቁጥር ገለበጥኩ። በኋላ ዱቄቱ ሲመጣ ደግሞ፣ በድንገት ቢወፍር ይታወቅብኛል ብዬ፣ በዚያው ልክ አቅጥኜ በጠበጥኩት።

ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ለእናትሽም እንዲሁ ነው የነገርኳት። በዚያው ሳምንት፣ ምርምሩን በደንብ የጨረሰ ለአራት ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ ይላካል የሚል ማስታወቂያ የላብራቶሪው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። የምትለኪው ጉተታ ሁልጊዜ ከስሌትሽ በታች እየሆነ ሰባት ወር ደጋገምሽው። ብዩን በትልቅ ቀየርሽ፣ በትንሽ ቀየርሽ፣ ሽቦውን ለወጥሽ። ፊትሽ ከሳ። ምርምርሽን የሚመሩት ፕሮፌሰር "ምናልባት ፈሳሹ ይሆን?" ያሉሽ ቀን እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ብዮቹን እየወለወልኩ ነበር።

"ፈሳሹን የሚያዘጋጀው አባቴ ነው። እሱ ጠብታ አያዛንፍም" አልሻቸው።

"እንግዲያው ስህተቱ ያንቺ ነው። ዝርክርክ ነሽ" አሉሽ።

አንዷ ብይ ከእጄ አምልጣ ስትንከባለል ሁለታችሁም ዞራችሁ አያችሁኝ። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ወልውዬ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት።

በወሩ ሁሉን ትተሽ ሄድሽ። ይኸው አሁን በማላውቀው ከተማ መነጽር ስትሸጪ ትውያለሽ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት አዲስ ተማሪ ደብተርሽን ከመደርደሪያው አውርዳ ስታገላብጥ ፕሮፌሰሩ "ተይው፣ የዚያች ዝርክርክ ልጅ ነው" አሏት። ቆሜ መስማት አቃተኝ። "ዝርክርኩ እኔ ነኝ" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፕሮፌሰሩ ደብተርሽን ከልጅቷ ተቀብለው ገለጡት። ከዚያ "በዚያው ልክ አሁን ይበጥብጡት" አሉኝ። በጠበጥኩት። ልጅቷ ውፍረቱን ለካች። በእውነተኛው ቁጥር ስሌቱን እንደገና ሲሠሩት የለካሻቸው ነጥቦች አንድ በአንድ የስሌቱ መስመር ላይ ገቡ።

"ሰባት ወር ሙሉ ትክክል ነበረች" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። እኔን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም የወቀሱ መሰለኝ። በእጃቸው ይጽፉልሻል፤ ቦታሽንም ሊመልሱልሽ ይፈልጋሉ። መመለስ አለመመለሱ የአንቺ ነው። እኔ በዚህ ላይ አፍ የለኝም። የላብራቶሪውን ቁልፍ በማግስቱ አስረክቤያለሁ።

እሑድ እሑድ ስትደውዪ "ደህና ነሽ? እናትሽ እዚህ አለች" ብዬ ስልኩን ቶሎ የማቀብላት ሥራ ይዞኝ አልነበረም። ድምፅሽን መቻል አቅቶኝ ነው። ይህ ደብዳቤ ደርሶሽ ከደወልሽ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ልትሰድቢኝም ብትፈልጊ፣ ዝም ልትዪም ብትፈልጊ እሰማለሁ። ባትደውዪም እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ እውላለሁ።

የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። ጤናሽ አይጓደል። እኔን እንዳመንሽ የምታምኚው ሰው ሁሉ እንደኔ አይሁንብሽ።

አባትሽ