የእናቴን ሕመም ለአስኮው ወጌሻ ላሳወቃችሁ

ይድረስ ለተከበሩ የ«ሐኪም በጆሮዎ» የስልክ ሕክምና አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ መቼም ሲያምዎ ወደ ራስዎ ድርጅት እንደማይደውሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛን የኮልፌ ሰዎች ግን በዝናብ ታክሲ ከመጋፋት ገላግላችሁናልና ምስጋናዬን በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ እናቴ የሺእመቤት ኩላሊቷ ደካማ ነው። ጉልበቷን ሲያማት በወንድሜ በጌድዮን ስልክ ደወለችላችሁ። እናንተ በሽተኛን የምታውቁት በስልክ ቁጥሩ ስለሆነ፣ ቀደም ሲል ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ወለም ላለው ለጌድዮን ያዘዛችሁትን ጠንካራ ማስታገሻ ለእሷም ደገማችሁላት። የሰባ ዓመት ሴትን ድምፅ ከጎልማሳ ወንድ ድምፅ አለመለየት ትልቅ ተሰጥኦ ነውና እንኳን ደስ ያላችሁ።

ሁለተኛ፦ ኩላሊቷን ለዓመታት የምትከታተልላት ዶክተር ርሆቦት እንዲህ ያለውን ኪኒን እንዳትነካ ከልክላት ነበር። እናቴ ይህንኑ መናገር ስትጀምር፣ ሐኪማችሁ ለመደበኛ ሐኪምዎ እኛው እናሳውቃለን ብሎ አቋረጣት። አሳወቃችሁም! ጌድዮን ሲመዘገብ በመደበኛ ሐኪምነት ያስመዘገበው የአስኮውን ወጌሻ አቶ ወዬሳን ስለነበር፣ መልእክቱ ለእሳቸው ደረሰ። እሳቸውም የጌድዮን ጉልበት ያገረሸበት መስሏቸው ቅባታቸውን ይዘው በሚኒባስ መጡ፤ መልእክቱ የእናቴ መሆኑ ለእኛም የገባን በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል በሽተኛውን በዓይኔ ልይ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸውና እኔ አፈርኩላችሁ።

ሦስተኛውን ለማሳመር አቅም የለኝም። እናቴ ሐኪሜ ታውቃለች ብላ ኪኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጠችው። ዶክተር ርሆቦት ነገሩን የሰማችው እናቴን ፊቷና እግሯ አብጦ ተሸክመን ስንወስድላት ነው። ዛሬ ደሟ በማሽን ይታጠባል፤ ኩላሊቷ ያገግም አያገግም ዶክተሯም አታውቅም። ፈርቻለሁ፤ እናንተን ደግሞ ንቄያችኋለሁ።

አራተኛ፦ ዶክተር ርሆቦት የታዘዘውን መጠን ለማወቅ ስትደውል፣ የደንበኛችንን የአቶ ጌድዮንን ምስጢር አሳልፈን አንሰጥም አላችኋት። ምስጢር ጠባቂነታችሁን አደንቃለሁ፤ አስኮ ድረስ የሄደው ምስጢር ግን የማን እንደነበር ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ለእኔ ማስረዳቱ ከከበደዎት ግድ የለም፤ ለዶክተር ርሆቦት ይመልሱላት፤ አሁንም መልስ እየጠበቀች ነው።

እናንተ ለእናቴ ያሰባችሁላትን ያህል የማስብልዎ፣
ራዕይ ይመር፣ ከኮልፌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ያንን ሐኪማችሁን ስሙን እንኳ ሳታውቀው ከተኛችበት አልጋ ላይ ሆና ትጸልይለታለች። እኔም እጸልያለሁ፤ የምንለምነው ግን አንድ አይደለም።