የክርስትና ስምህን ዳን ነገረኝ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። እዚህ ሰው አገር፣ ላንድማርክ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው። ልጆቹ ዕቃውን ሁሉ ቢያተራምሱትም ወንበርህን ከመስኮቱ አላነሳሁትም። ላይኛው ፎቅ የሚኖረው፣ የሞርሞን እምነት ተከታዩ ወዳጅህ ዳን ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ በራችንን ያንኳኳል።

መጽሐፈ ሄኖክን እያነበብክ በዚያ እንግሊዝኛህ ስታስረዳው ትዝ ይለኛል። እሱም የራሳቸውን መጽሐፍ አውጥቶ፣ ሄኖክ ከነከተማው ነው ወደ ሰማይ የተወሰደው ይልሃል። አንተ ደግሞ ብቻውን ነው የሄደው፣ ከተማው ሙሉ ቢወሰድማ ፓርኪንግ ይገኝ ነበር ትለዋለህ። እምነቱ ከልክሎት ሻይ ስለማይጠጣ ሙቅ ውሃ በማር ትቀዳለታለህ። ሳትሸናነፉ ይመሻል።

ያረፍክ ጊዜ ካህኑ ለፍትሐት የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ። አላውቀውም። እማዬ ብትኖር ትነግረኝ ነበር። አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ብደውል እሷም አታውቀውም። መተት ይሠራበታል እያልክ ስትደብቀን ኖረሃል። ካህኑ ቸግሯቸው በዓለም ስምህ አበራ ብለው ፈቱህ። እኔማ ለሌላ ሰው የሚጸለይ መሰለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ዳን ፈቃድ ሊጠይቀኝ መጣ። እነሱ ዘንድ ለሞተ ሰው፣ በሕይወት ያለ ሰው በስሙ ይጠመቅለታል። ላንተም ሊያደርግልህ ይፈልጋል። በሕይወት ሳለህ ጠይቆህ እንደነበር ነገረኝ። ስቀህ፣ እኔ በአርባ ቀኔ ገብረ መድኅን ተብዬ ተጠምቄአለሁ አልከው። ከሞትኩ በኋላ ግን ልጄን ጠይቃት ብለኸዋል።

አባዬ፣ ከእኛ የደበቅከውን ለዳን! ተናደድኩብህ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ስምህን ለካህኑ ሰጥቻለሁ፤ ለሙት ዓመትህ በእሱ ይጠሩሃል። ለዳን ግን ምን ልበለው? እሺ ብል የአርባ ቀን ጥምቀትህን የካድኩብህ ይመስለኛል። እምቢ ብል ደግሞ፣ ስትታመም ከአልጋህ ያልተለየ ሰው ያለውን ትልቁን ነገር ሊሰጥህ ሲል እጁን መግፋት ነው። ያለ ፈቃድሽ አላደርገውም ብሎኛል። ልጄን ጠይቃት ስትለው እየቀለድክ ነበር ወይስ የምርህን? ፊትህን ባየው አውቅ ነበር። አሁን ማንን ልጠይቅ?

ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ፣ አቤቱ የገብረ መድኅንን ነፍስ አስብ እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ ይህን አልተውም፤ ልጆቹም ስምህን እንዲያውቁት አደርጋለሁ።

ዛሬም ዳን መጥቶ ነበር። ሙቅ ውሃ በማር ሰጠሁት። ጠጥቶ ጨረሰና መልሴን እየጠበቀ ኩባያውን አስቀመጠ። እኔም ደግሜ ቀዳሁለት።

ልጅህ ሰብለ