የክርስትና እናት የማያውቅ ፎርም

ውድ አናሂ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ባለፈው እሑድ እናትሽን ገበያ ላይ ስላገኘኋት ነው። ባላገኛት ኖሮ እንደ ልማዴ ዝም እል ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። "ሚስ ኤርሊንዳ፣ ጠፉብን እኮ!" ብላ እጄን ያዘችና ሦስት ትልልቅ ፖም በግድ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አናሂ ትምህርቱ ከብዷት ነው የተወችው፣ አይደል? ነገረችኝ" አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ማለቴ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

እሷ ግን አላበቃችም። "ለክርስትና እናቷ ለኤውላልያ ጸሎት ከትምህርት ስትቀር እኔ ነኝ 'አይዞሽ፣ ኮሌጁ ውስጥ የኛዋ ኤርሊንዳ አለች፣ የክርስትና እናት ምን እንደሆነች ታውቃለች' ያልኳት። እንኳን እርስዎ ኖሩ!" አለችኝ። ለእናትሽ ለምን እንደዋሸሻት ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን እምነቷን እንዳታጣ ብለሽ ጥፋቱን ራስሽ ላይ ጫንሽው።

የፖም ለቀማው ሊያልቅ ሲል ቢሮዬ የመጣሽበትን ጠዋት ታስታውሻለሽ? ጥቁር ሹራብ ለብሰሽ ነበር፣ ዓይንሽ አብጧል። እናትሽ ፖም መለያው ፋብሪካ ስትውል ያሳደገችሽ ኤውላልያ ሞታ፣ ሌላ ልጅ ስለሌላት ዘጠኙን የሙት ጸሎት ቀን ቤቷን ከፍተሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለቀስተኛ እየተቀበልሽ፣ ማታ ማታ መቁጠሪያውን ይዘሽ ጸሎቱን የመራሽው አንቺ ነበርሽ። የነርሲንግ ትምህርት ክፍሉ ደንብ ግን ከሆስፒታል ልምምድ ከሦስት ቀን በላይ የቀረ ይሰረዛል ይላል፤ የሞተበት እናት፣ አባት፣ አያት፣ ወንድም፣ እህት፣ ባል ወይም ልጅ ካልሆነ በቀር።

"ሟቿ ምንሽ ናት?" አልኩሽ፣ እያወቅኩ።

"የክርስትና እናቴ።"

"እሱ ፎርሙ ላይ የለም። እናት ብለሽ ሙዪው።"

"ምን ነካዎት ሚስ? እናቴ ደጅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላለች! በቁሟ ሞታለች ብዬ ልጻፍባት? ሟርት እኮ ነው!"

"እንግዲያው አያት በዪ።"

"አያቴንማ አምና አብረን ቀብረናት! ሁለቴ አትሞት ነገር።"

ሳቅን። ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ሳቅሽ። ከዚያ "ተቀባይነት የለውም" የሚለውን ማኅተም መታሁበት። "ምን ያድርጉ ሚስ፣ ሥራዎት ነው" ብለሽኝ ወጣሽ።

ያልነገርኩሽ ይህ ነው። ከፎርሙ ጀርባ "ሌላ ዝምድና" የሚል መስመር አለ። እኔ ፈርሜ ለዲኑ ካቀረብኩት ሊታይ ይችል ነበር። አላሳየሁሽም። በዚያው ሰሞን ዲኑ ሚስተር ዊትፊልድ፣ "ኤርሊንዳ፣ ለወገኖቿ ታደላለች እንዳትባዪ" ብሎኝ ነበር። በዚያ ፎቅ ላይ የኛ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ለወንበሬ ፈራሁ። ውሻ በበላበት ይጮሃል አይደል የሚባለው? እኔ ላበላኝ ስጮህ ኖሬያለሁ። ለዚህ ኮሌጅ እጄን ይዛ ያስመዘገበችኝ ደግሞ የራሴ የክርስትና እናት ነበረች፤ ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የባሰው ሌላ ነው። የተማሪ ቆጠራው የተዘጋው ማክሰኞ ነበር፤ አንቺ የተሰረዝሽው ዓርብ። ከተማሪዎቻችን ሩብ ያህሉ እንደኛ የላቲን አሜሪካ ዘር ያላቸው ሂስፓኒክ ሆኑ፣ ከእንግዲህ የመንግሥት ልዩ ድጋፍ መጠየቅ እንችላለን ተብሎ በሳምንቱ ድግስ ተደገሰ። ለሩቡ የጎደለውን ቁጥር የሞሉት ሰባት ተማሪዎች ናቸው፤ አንዷ አንቺ ነሽ። ኬኩን የቆረስኩት እኔ ነኝ። የነርስ ልብስ ለብሰሽ የተነሳሽው ፎቶ ከኋላዬ ተሰቅሎ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየሁትም። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ኮሪደር ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው።

ሰኞ ዕለት ፎርምሽን ከመዝገብ ቤት አወጣሁ። ጀርባውን ፈረምኩበትና መስመሩን ደብቄሽ እንደነበር በጽሑፍ አምኜ ለዲኑ ሰጠሁት።

"ይህ ምን እንደሚያስከትልብሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ኮሚቴው በወሩ አሥራ አምስት ይሰበሰባል። ይመልሱሽ አይመልሱሽ አላውቅም፤ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ቅጂውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ የጎደለው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው። ዝምድና በሚለው ላይ በገዛ እጄ "የክርስትና እናት" ብዬ ጽፌበታለሁ። ሳትፈርሚ ብትቀሪም አልቀየምሽም።

ቅዳሜ እናትሽ ቤት ሄጄ ሁሉንም እነግራታለሁ። ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው ቀድሜ የጻፍኩልሽ። ሦስቱ ፖሞች እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፤ መብላት አልቻልኩም። ይዣቸው እሄዳለሁ። ነግሬያት ስጨርስ አሁንም "ይብሉ" ካለችኝ እበላለሁ።

ስምሽን እያወቀች እንደ ቁጥር የቆጠረችሽ፣
ኤርሊንዳ