ላስቲኩ ያልተነሳላት መኪና

የማህፀኔ ፍሬ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ሲፈልግ ይታዘዘኛል፣ ሲፈልግ ያኮርፋል።

ጎረቤታችን ነጋዴው ያቺን እንደ መስታወት የምታበራ መኪናውን ሸጣት። ጉድ እኮ ነው ልጄ! ዋጋዋ እንዳይወርድ ብሎ የወንበሯን ላስቲክ እንኳ ሳያነሳ፣ ስንት ዓመት በሸራ ሸፍኖ አቆያት። አንድ ቀን "እማማ፣ እስቲ ገብተው ይዩዋት" ቢለኝ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። በሩ ሲዘጋ የመንገዱ ጫጫታ ሁሉ ጸጥ አለ፤ የገዛ ትንፋሼን ሰማሁት። የሰው እጅ እንዲህም ይሠራል?

ሊሸጣት ሲል ያመጣው ደላላ ግን ዞር ዞር ብሎ አያትና የተገዛችበትን ግማሽ ጠራ።

ነጋዴው "ኧረ አልተነዳችም!" ቢለው፣ "ጋሼ፣ መኪና ቆሞም ያረጃል" አለው።

ለካ ጎማዋ ሳይዞር ዋጋዋ ቁልቁል ሲሄድ ኖሯል! እስካሁን ይደንቀኛል።

ቤት ስገባ፣ ስትመጪ ትተኚበታለሽ ብዬ ያስቀመጥኩት ፍራሽ ዓይኔ ገባ፤ ላስቲኩ እንዳለ ነው። ቀደድኩትና ተኛሁበት። እንዴት ይመቻል መሰለሽ! አንቺም የላክሁልሽን ሹራብ ለደህና ቀን ብለሽ አታስቀምጪው፣ ልበሽው።

ደጅሽ አይዘጋ፣ እንጀራሽ አይጉደል። አደራ፣ ሥራው ፋታ ሲሰጥሽ ብቅ በይ። እናትም እኮ ቆማ ታረጃለች።