ደወልዎ የላንድሮቨራችን የፍሬን ታምቡር ስለመሆኑ

ለተከበሩ የቋሚ ንብረቶች ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሸዋሮቢት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በዚህ በሚያቀልጥ ሙቀት ያለ ዕረፍት ለሚያገለግልዎ የቢሮዎ ቬንቲሌተር ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የእኛን ከጠየቁ፣ ከመኪናችን በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

መኪናዋን ያውቋታል። ከወንዝ ማዶ ሽንኩርት ያስመጣ፣ ሠርግ የታደመ ወይም ዘመድ የጠየቀ ሰው ሁሉ የጋሼ ሙዐዊያን አሮጌ ላንድሮቨር ያውቃታል። እንግሊዞች ሠርተው የረሷት ብትሆንም፣ ክረምት ሲመጣ ባጃጆች ወንዙ ዳር ተኮልኩለው ውኃውን ሲያዩት፣ ምጥ የያዛትን ሴት አሻግራ ጤና ጣቢያ የምታደርስ እሷው ብቻ ናት። ታዲያ በቅርቡ የኋላ ቀኝ ጎማዋ የፍሬን ታምቡር፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማውን የሚያቆመው ክብ ብረት፣ ተሰነጠቀ። ጋሼ ሙዐዊያ «በቀሩት እነዳታለሁ» ብለው ሞክረው ነበር፤ ያቆማቸው ግን የአቶ ሳሙኤል የማንጎ ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ቆማለች። የጋሼ ሙዐዊያ ምራት አሪፋ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወንዝ ማዶ እናቷ ቤት ገብታ ቀኗን ትጠብቃለች።

መካኒካችን ሚልኪያስ ዕቃውን ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ነበር። አንዱ ነጋዴ «ለዚህችስ ሐውልት ነው የሚገጥማት» አለው። ሌላው የቶዮታ ታምቡር አውጥቶ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሽማግሌ ይመስል፣ «ሲቆዩ ይላመዳሉ» ብሎ መከረው። እንዴት ይላመዱ፤ አገሩ ሁሉ በሚሊሜትር ሲለካ የእሷ ብሎን በኢንች ነው፤ አሥራ አራት ቁጥር መፍቻ አይገባላት፣ አሥራ አምስት ቁጥር ይዞርባታል።

በመጨረሻ ዕቃውን ያገኙት የጋሼ ሙዐዊያ ባለቤት እትዬ ራቢዓ ናቸው። የተሰነጠቀውን ታምቡር የከሰል ምድጃ አድርገውት ነበርና፣ ለሌላ ጉዳይ ግቢዎ ሲገቡ ዛፉ ላይ ተሰቅሎ ለሻይ የሚደወለውን ብረት አዩና «ወላሂ፣ የምድጃዬ መንታ!» አሉ። ሚልኪያስ በገመድ ለካው፤ ቀለሙንም በሚስማር ፋቅ ሲያደርገው ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ያው ሆኖ ተገኘ። ለካስ ድሮ ግቢዎ ውስጥ የሞተች የአንበጣ መከላከያ ላንድሮቨር ትታው የሄደችው ኖሯል።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጥያቄያችንን ንቀው ሳይተዉ ኮሚቴ ስላቋቋሙለት እናመሰግናለን። እትዬ ራቢዓ ፍሙን ደፍተው፣ አመዱን ጠርገው፣ የቤተሰቡን ምሳ አስቀርተው ምድጃቸውን ለንጽጽር ሲያቀርቡ፣ ኮሚቴው በጥልቀት ከመረመረ በኋላ «የቀረበው ማስረጃ የማዕድ ቤት ዕቃ በመሆኑ ከመንግሥት ደወል ጋር ሊነጻጸር አይችልም» ሲል ወስኗል። ምድጃ መሆኑንስ እኛም አልካድንም።

ሁለተኛ፦ «መኪናዋ ራሷ ግቢ ድረስ ቀርባ ትለካ» ስላሉ እናመሰግናለን። መምጣት ያቃታት ይኸው ዕቃ ጎድሏት መሆኑን ብናስረዳ፣ እሱንም በማመልከቻ እንድንገልጽ አዘዙን። ሮማን ሻይ ቤት የሚቀመጡ ወሬኞች፣ እርስዎ ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ በሽተኛውን «መጀመሪያ ድነህ ና» ይሉት ነበር እያሉ ያሙዎታል። እኔ ግን ሲያሙዎት መስማት አልቻልኩም፤ ለስምዎ ተሟግቻለሁ። መጀመሪያስ ኮሚቴ ያቋቁሙለት ነበር ብያቸዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ምትክ ደወል እናምጣ ስንል «ድምፁ እኩል መሆን አለበት» አሉን። ይህን የመሰለ ጆሮ በከተማችን መኖሩን ባለማወቃችን እናፍራለን።

አራተኛም ነበረኝ፤ ሙቀቱ አላስጨርስ አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋታውን ትተን፤ ባለፈው ክረምት፣ መኪናዋ ሩቅ አገር በሄደችበት ቀን፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ወንዙ ዳር ቆመው ውኃው እስኪጎድል ሲጠብቁ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያቃስተውን ሰው ድምፅ ከወዲህ ማዶ ሆነን እንሰማ ነበር። አሪፋን ሰሞኑን ልጠይቃት ብሄድ «እትዬ ሰብለ፣ ወንዙ ዳር ነው የምገላገለው ወይስ ኮሚቴው ፊት?» ብላ ሳቀች። መሳቋ ለእኔ ብላ እንደሆነ ገብቶኛል።

የሚያስፈልገን አንድ ክብ ብረት ነው። እርስዎን ለሻይ ያስነሳዎታል፤ እሷን ግን ወንዝ ያሻግራታል።

ከግቢዎ አጥር ውጭ ቆማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በየሻይ ሰዓቱ ሲያልፉ እጅ የምትነሳዎ፣ ትዕግሥቷ እንጂ አክብሮቷ ያላለቀ የከተማዎ ነዋሪና የዚህ መጽሔት አምደኛ፣

ሰብለ ደጀኔ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ሳይታተም፣ እሑድ ቀን አሪፋን ምጥ ያዛት፤ ደጋው ዘንቦ ኖሮ ወንዙም በዚያው ሰዓት ሞላ። ስለሆነም ታምቡሩ በጠራራ ፀሐይ ወርዶ መኪናዋ ላይ ተገጥሟል፤ ሴት ልጅ ጤና ጣቢያ ተወልዳለች፣ አልሐምዱሊላህ። ጥበቃዎን አይቆጡት፤ መሰላሉን የያዘው ሰው እንዳይወድቅ ብሎ ነው። በቦታው የገልባጭ መኪና ቸርኬ ያንኑ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ተሰቅሏል። ሰኞ ጠዋት ሲደወል፣ እንደ ወትሮው፣ ከሁሉ ቀድመው ለሻይ የወጡት እርስዎ ነዎት።