ሁለተኛው ኮምፒውተር

ጉንዳን፣

የሕንፃ ፕላን የምሠራበት አሮጌ ፕሮግራም አዲሱ ላፕቶፔ ላይ አልከፈት አለኝ። ፈቃዱ ለሁለት ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ተይዘዋል ይላል። አንዱ ባለፈው የተቃጠለብኝ ነው። የሌላኛው ስም «ጉንዳን» ይላል።

አንተ ነህ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

ብቻ ምናልባት ኮምፒውተርህ ላይ ካገኘኸው ዝም ብለህ ዲሊት እንዳታደርገው፤ ፈቃዱ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ኩባንያው ይህን ፕሮግራም ከተወው ቆይቷል፣ ደውለን የምናስለቅቀው ሰው የለም። ኢንተርኔት ክፈትና «ሄልፕ» ውስጥ ገብተህ ፈቃዱን የሚለቀውን «ዲአክቲቬት» የሚለውን ተጫን።

ትናንት በሩን ፊትህ ላይ ስለጠረቀምኩት ይቅርታ።

ፕሮግራሙን ለምን እንደፈለግከው አልጠይቅህም።

የክሊኒኩን ፕላን ያዘዘኝ ሰውዬ ግን ሰሞኑን ስልኬን አያነሳም።

ያንተን ያነሳል?